ሳይገድሉ ማየት

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችን ስለ ማይክሮስኮፕ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገባናል! ሐኪም ሬሳ እንደሚከፍት እኛም ግጥም እንከፍታለን፤ ቤት እንቆጥራለን፣ ዘይቤ እንለቅማለን፤ ከዚያ በኋላ ነፍሱ የት ገባች ብለን እንፈልጋለን። ይህ ችግር ታዲያ የእኛ ብቻ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን ወዲያና ወዲህ የሚለያዩ ቀጫጭን ክሮች እንዳሉ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይነገር ነበር። መሀላቸው ወፈር፣ ጫፍና ጫፋቸው ሾል ያለ ስለሆነ በእንዝርት ተሰየሙ። ግን ክሮቹ ጎልተው የሚታዩት ሕዋሱ በመድኃኒት ተገድሎ ቀለም ከተነከረ በኋላ ነው። «ክር የምትሉትን መድኃኒቱ ነው የፈጠረው» የሚሉ ተነሡ። ምን ይመለስላቸው? ምስክሩ ሞቷል።

መልሱ ከብርሃን መጣ። ተራ ብርሃን ሲጓዝ በየአቅጣጫው ይርገበገባል። ፖላራይዘር የሚባለው ማጣሪያ ግን በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብቻ ያሳልፋል። ሁለተኛ ማጣሪያ በመስቀልኛ ሲደረብበት ጨለማ ይሆናል። በሁለቱ መካከል እንደ ድር የተሰለፈ ነገር፣ ለምሳሌ ጅማት ወይም ጡንቻ፣ ሰያፍ ቢቀመጥ የብርሃኑን እርግብግቢት ይለውጥና በጨለማው ውስጥ ያበራል። ቀለም አያሻም፤ መግደልም አያሻም።

የሕዋሱ ክር የሚሰጠው ብርሃን ግን እጅግ ደካማ ነው። ጃፓናዊው ሺንያ ኢኖዌ መሣሪያውን ሲያሻሽል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት ክሮቹን በሕይወት ባለ ሕዋስ ውስጥ አሳየ። ደግሞም ሕዋሱ ሲቀዘቅዝ ይጠፋሉ፤ ሲሞቅ ይመለሳሉ። እንግዲህ ያ እንዝርት የቆመ ምሰሶ አይደለም፤ ሲፈተልና ሲፈታ የሚኖር ነው። ገድለው ያዩትም አልዋሹም፤ ክሩ ነበረ። መፈተሉን ግን ሬሳው ሊነግራቸው አልቻለም።

መተንተን ይቅር አላልንም። ባለቅኔው ሲዘርፍ ሰሙና ወርቁ አብረው ይሰማሉ፤ ለያይቶ ማስረዳቱ ኋላ ይደርሳል። እኛም ግጥም ስንይዝ አስቀድመን ድምፅ ሰጥተን እናንብበው። የት ላይ እንደሚሞቅ፣ የት ላይ እንደሚቀዘቅዝ እናዳምጥ። ቢላዋው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ተመርምሮ ያለቀን ግጥም ማንም ደግሞ የማያነበው ከሆነ፣ ምርመራው ለማን ነው?