መኪናው አልነሳ ሲል፤ ጥርጣሬ ይቅደም ወይስ ምርመራ?



ከሱብሒ ሰላት በኋላ በየሰፈሩ የሚሰማ አንድ የታወቀ ድምፅ አለ። ቁልፍ ይዞራል፤ ሞተሩ "እህ... እህ..." ብሎ ያቃስትና ዝም ይላል። ባለቤቱ ደግሞ ያዞራል፤ ደግሞም ዝም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አንተም ታውቀዋለህ። አንዱ "ባትሪው ሞቷል" ይላል። ሌላው "ሞተሪኖው ነው" ይላል። ሦስተኛው "ካንዴላው ይቀየር" ይላል። አራተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዓይን ነው" ይላል። ኮፈኑ ተከፍቶ አምስት ሰው አጎንብሶ ያያል። አምስቱም ይፈርዳሉ፤ የመረመረ ግን አንድም የለም።

ዓይን ሐቅ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል፤ በዚህ ላይ አንከራከርም። ነገር ግን የዛገ ሽቦ ከፊታችን እያለ ዓይንን መክሰስ ስንፍና እንጂ ሃይማኖተኝነት አይደለም።

ከዕድሜዬ ብዙውን ያሳለፍኩት ጋራዥ ውስጥ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ከመሻይኾች እግር ሥር ቁጭ ብዬ ከኡሱል አል-ፊቅህ ጥቂት ቀምሻለሁ። ሁለቱን ባስተያየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይገርመኛል። ዑለሞች የአንድን ሑክም ምክንያት (ዒላውን) የሚፈልጉበት መንገድና ጥሩ መካኒክ የብልሽትን ምክንያት የሚፈልግበት መንገድ እጅግ ይመሳሰላሉ።

በኡሱል ውስጥ "ሰብር ወተቅሲም" የሚባል ዘዴ አለ። ኢማም አል-ገዛሊም (ረሒመሁላህ) "አል-ሙስተስፋ" በተሰኘው ኪታባቸው አንስተውታል። ተቅሲም ማለት ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉትን ነገሮች ሁሉ መዘርዘር ነው። ሰብር ማለት ደግሞ እነዚያን አንድ በአንድ እየፈተኑ የማይሆነውን መጣል ነው። ተፈትኖ የቀረው እርሱ ዒላው ይሆናል። ሌላው ዘዴ "ደወራን" ይባላል። ምክንያቱ ሲኖር ሑክሙ ይኖራል፤ ምክንያቱ ሲጠፋ ሑክሙም ይጠፋል። ዑለሞች በወይን ይመስሉታል። የወይን ጭማቂ ሐላል ነው። ሲያሰክር ሐራም ይሆናል። ራሱ ተለውጦ ኮምጣጤ ሲሆን ተመልሶ ሐላል ይሆናል። እንግዲህ ዒላው ቀለሙ ወይም ፈሳሽነቱ ሳይሆን ማስከሩ መሆኑን በዚህ እናውቃለን።

አሁን ይህንን ይዘን ኮፈኑን እንክፈት።

አንድ የቤንዚን ሞተር እንዲነሳ የሚያዞረው ኃይል፣ ከአየር ጋር የተቀላቀለ ነዳጅ፣ ድብልቁን የሚያምቅ ጤነኛ ሲሊንደር፣ በሰዓቱም የሚደርስ እሳት ያስፈልገዋል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው አየሩ ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። ይህ ተቅሲማችን ነው። ወደ ሰብሩ ስንገባ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም? በኃይል እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ባትሪውና ሞተሪኖው ንጹሓን ናቸው፤ ተዋቸው። ጨርሶ የማይዞር ከሆነ ደግሞ ካንዴላ አትፍታ፤ ካርቡራቶርም አትነካካ። በዚህች አንዲት ጥያቄ ግማሹ ተጠርጣሪ ነፃ ይወጣል።

ሞተሩ አልዞር ካለ የፊት መብራቱን አብራና ቁልፉን አዙር። መብራቱ መጀመሪያውኑ ደብዛዛ ከሆነ፣ ወይም ቁልፉ ሲዞር ቀስ እያለ ከደበዘዘና "ጠቅ ጠቅ ጠቅ" የሚል ፈጣን ድምፅ ከሰማህ ባትሪው ደክሟል። መብራቱ ደምቆ ሳለ ቁልፉ ሲዞር ድርግም ብሎ ከጠፋ የላላ ወይም የዛገ ግንኙነት አለ። መብራቱ ሳይቀንስ ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰም፤ የቁልፉን ማብሪያ፣ ፊውዙንና ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ ተመልከት። ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ በፓርኪንግ ወይም በዜሮ መሆኑንም አረጋግጥ።

የቮልት መለኪያ ካለህ ግምት አያስፈልግህም። ያረፈና የሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል። 12 ላይ ከወረደ አብዛኛው ጉልበቱ አልቋል። ሞተሩ ተነስቶ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ገደማ ማሳየት አለበት፤ ካላሳየ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ያን ጊዜ አዲስ ባትሪ ብትገዛም ዕድሜ አይኖረውም።

ሞተሩ እየዞረ አልነሳ ካለ ደግሞ በነዳጅና በእሳት መካከል ፍረድ። አስቀድመህ ታንከሩ ውስጥ ቤንዚን መኖሩን እይ፤ በዚህ ስንቱ ጋራዥ ድረስ ተጎትቶ መጥቷል! ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ካንዴላዎቹ ርሰው ይሆናል፤ ጥቂት ጠብቀህ ሞክር። በአዳዲሶቹ መኪኖች ቁልፉን ስትከፍት የነዳጅ ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ሲያጉረመርም ይሰማል፤ ዝም ካለ ፊውዙን ተመልከት። የቁልፍ ምስል ያለበት የስርቆት መከላከያ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መኪናው ቁልፍህን አላወቀውም። በአሮጌዎቹ ደግሞ በክረምት እርጥበት ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ገብቶ እሳቱን ያጠፋዋል፤ ክዳኑን ከፍቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

"ይህን ሁሉ ለምን ትነግረናለህ? ይህ የመካኒክ ጉዳይ አይደለምን?" ትለኝ ይሆናል። ያየሁትን ላጫውትህና ፍርዱን ለአንተ ልተወው።

በሰፈራችን የሚከበሩ አንድ ሐጂ አሉ። ቤታቸውን የሚያስተዳድሩት በአንዲት አሮጌ ታክሲ ነው። አንድ ክረምት ታክሲዋ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ማለት ጀመረች። ተገፍታ ከተነሳች ቀኑን ሙሉ ደህና ናት። ባትሪ ሻጩ "ይቀየር" አላቸው፤ ተበድረው ቀየሩ፤ በሦስተኛው ቀን ያው ሆነ። አንድ መካኒክ ሞተሪኖውን ፈታ፣ ገጠመ፣ ገንዘቡን ተቀበለ፤ ያው ሆነ። በዚህ ጊዜ ሐጂ አንድ ነገር ታወሳቸው። ጣጣው የጀመረው ታክሲዋን ማታ የሚጠብቀውና የሚያጥበው ወጣት ከተቀጠረ ወዲህ ነው። ልጁ አባቱ የሞተበት፣ ከወሎ የመጣ፣ ከደሞዙ ከፍሎ ለእናቱ የሚልክ ነበር። "ማታ ማታ ሬዲዮ እየከፈተ ባትሪዬን ይጨርሳል፤ ሽቦም ይነካካል" አሉ። ልጁ ወላሂ ብሎ ማለ፤ አላመኑትም። የወሩን ደሞዝ ይዘው ሊያሰናብቱት ቆረጡ።

ወደ እኔ የመጡት ታክሲዋን እንዳይላቸው ሳይሆን ምስክር እንድሆናቸው ነበር። "አንተ ሙያተኛ ነህ፤ ሽቦ መነካካቱን አይተህ ፊት ለፊት ንገረው" አሉኝ።

"ሐጂ፣ ነገ ከሱብሒ በኋላ ሞተሩ ሳይሞቅ ልየው። እስከዚያ ልጁን ምንም አይበሉት" አልኳቸው።

በማግስቱ የፊት መብራቱን አበራሁ፤ ደምቆ በራ። ቁልፉን ሳዞር ድርግም ብሎ ጠፋ፤ ሞተሩም አንዴ "ቀጭ" ብሎ ዝም አለ። ባትሪውን ለካሁ፤ 12.6 ቮልት፣ ሙሉ ነው። ሬዲዮ ጨረሰው የሚለው ክስ እዚህ ላይ ወደቀ። የባትሪው ሞርሴቶዎች ንጹሕና ጥብቅ ነበሩ። ቀጥሎ የመለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ ልጁ ቁልፉን እንዲያዞር ነገርኩት። በጤነኛ መኪና ይህ ልኬት ከግማሽ ቮልት አያልፍም። በሐጂ ታክሲ ላይ ከ8 ቮልት በላይ አሳየ። ጉልበቱ ሁሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወፍራም ኬብል ወስጄ የባትሪውን ነጌቲቭ በቀጥታ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኘሁ። ሞተሩ ባንዴ ተነሳ። ሳይሞቅ አጠፋሁት፤ ኬብሉን አነሳሁ፤ እምቢ አለ። ኬብሉን መለስኩ፤ ተነሳ። ውድ አንባቢዬ፣ ደወራን ማለት ይህ ነው።

ጥፋተኛው ከባትሪው ሥር፣ ማሳው ከቦዲው ጋር በብሎን የታሰረበት ቦታ ነበር። በባትሪ አሲድና በክረምት እርጥበት ዝጎ ተበልቷል። ጠዋት ዘይቱ ቀዝቅዞ ስለሚወፍር ሞተሪኖው ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ የዛገው ማሰሪያ ያን ያህል ማሳለፍ አቃተው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን ጥቂቱ ይበቃዋል። ቀን ቀን ደህና የምትሆነው ለዚህ ነበር። ብሎኑን ፈትቼ ብረቱ እስኪያበራ ፋቅሁት፤ የሽቦውን ጫፍ ቀየርኩ፤ አሰርኩት፤ ከላይ ግሪስ ቀባሁት። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ልጁ የተቀጠረው በሰኔ ነው። ክረምቱም የገባው በሰኔ ነው። ሐጂ አብረው ከመጡት ሁለት ነገሮች አንዱን ያዙ፤ ሊያባርሩት የሚችሉትን። ክረምትን ማን ያባርራል? ልጁ ቢሄድ ኖሮ ታክሲዋ በማግስቱም አትነሳም ነበር። ያን ጊዜ ግን እርሱን ከየት ፈልጎ ማምጣት ይቻላል?

ሐጂ፣ አላህ ይስጣቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው። በሰው ፊት የልጁን እጅ ይዘው "አፉ በለኝ ልጄ" አሉት። "አፉ ብያለሁ አባባ" አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

በሱረቱል ሑጁራት አላህ (ሱ.ወ.) ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት አዝዞናል። እዚያው ሱራ ውስጥ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅም አዝዞናል። ይህ ትእዛዝ መስጊድ ውስጥ ብቻ የሚሠራ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ኮፈን ሥርም ይሠራል።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ ነጋዴውን ምን እንዳሉት ታውቃላችሁ፤ አታላይን ከእርሳቸው ወገን አላደረጉትም። ሳይለኩ "ባትሪ ቀይር" ማለት ከዚያ እርጥብ እህል በምን ይሻላል? በሕክምና ሳይታወቅ ያከመ ሰው ለጉዳቱ ተጠያቂ መሆኑም በሐዲስ ተነግሯል። የሰው መኪና የሰው ሪዝቅ ነው፤ የማናውቀውን "አላውቅም" እንበል።

መኪናው ለሌለውም የሚተርፍ ድርሻ አለ። ሰውን በመጓጓዣ እንስሳው ላይ ማውጣት፣ ጭነቱንም አንስቶ መስጠት ሰደቃ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። በእኛ ዘመን የዚህ ወንድም አልነሳ ያለ መኪና መግፋት ነው። ቁልፉ ይከፈት፤ ፍሪሲዮን ይረገጥ፤ ሁለተኛ ማርሽ ይግባ፤ መኪናው ፍጥነት ሲያገኝ ፍሪሲዮኑ ይለቀቅ። አውቶማቲክን ግን በመግፋት አትድከም፤ አይነሳም። ከሌላ መኪና ባትሪ የምታገናኝ ከሆነ ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ አገናኝ። የጤነኛውን ነጌቲቭ ግን ከደከመው ባትሪ ራቅ ባለ የሞተር ብረት ላይ እሰር፤ ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣልና ብልጭታ አታቅርብበት።

ሙስሊሙ መሐንዲስ አል-ጀዘሪ እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቀው መጽሐፉ፣ ዙሪያውን የሚዞርን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲመላለስ የሚያደርግ የውኃ መሳቢያ መሣሪያ ገልጿል። ዛሬ በየሞተሩ ውስጥ ፒስተንና ዘንጉን የሚያገናኘው አሠራር የዚያው ዘመድ ነው። በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሞተር በካዲላክ መኪና ላይ የመጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ከዚያ በፊት ሰው በክንዱ ያዞር ነበር። ስንሳፈር በምናደርገው ዱዓ ይህን በራሳችን አቅም ልንገራው የማንችል እንደነበርን እንመሰክራለን። ታዲያ ቁልፉን ዞር አድርገን ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ስንቶቻችን እናስተውለዋለን?

ግመሉን ሳያስር "በአላህ ተመክቻለሁ" ላለው ሰው የተሰጠው መልስ አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያም እንዲመካ ነበር። እንግዲህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ነገ ሞተሩ ዝም ሲል ቢስሚላህ በል። መብራቱን አብራ፤ ለካ፤ ፈትን፤ የማይሆነውን ጣል። እስክታገኘው ድረስ ምላስህን ከሰው ላይ አንሳ። አላህ ሐቅን ሐቅ አድርጎ ያሳየን፤ እርሱንም መከተል ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።