በኡፕሳላ የሚገኘው የአትክልት ቦታ

አንባቢ ሆይ፤ ወደ ስዊድን የመሄድ ዕድል ቢገጥምህ፥ ከስቶክሆልም በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን የኡፕሳላን ከተማ ሳታይ አትመለስ። በዚያ በፊሪስ ወንዝ አጠገብ አንድ የቆየ የአትክልት ቦታ ታገኛለህ።

ይህን ስፍራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1655 ዓ.ም. የመሠረተው ኡሎፍ ሩድቤክ የተባለ ሊቅ ነው። ሩድቤክ በዘመኑ የታወቁትን ዕፀዋት ሁሉ በሥዕል ለማሳተም ብዙ ደከመ። ነገር ግን በ1702 ከተማይቱን ያጋየው እሳት፥ በእንጨት ላይ ካስቀረጻቸው ሥዕሎች አብዛኞቹን በላቸው። እርሱም በዚያው ዓመት ዐረፈ።

ከእሳቱ በኋላ ችላ ተብሎ የቆየውን ቦታ እንደገና ያለመለመው፥ በ1728 ድኻ ተማሪ ሆኖ ወደ ኡፕሳላ የመጣውና በ1741 በዚያው ፕሮፌሰር የሆነው ካርል ሊኔዎስ ነው። ተክሎቹ ዛሬም እርሱ በወሰነው ሥርዓት ተሰልፈው ይታያሉ። ዕፀዋት ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር ከተጓዙት ተማሪዎቹ ግን ያልተመለሱ አሉ፤ ሎፍሊንግ በ1756 በቬኔዝዌላ፥ ፎርስኮል በ1763 በየመን ሞቱ።

ሊኔዎስ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት ቃላት ያሉት የላቲን ስም ሰጠ። የእኛም ቡና በዚያ «ኮፌያ አራቢካ» ተብሎ ተጽፏል፤ ትርጓሜውም የዓረብ ቡና ማለት ነው። የቡና ዝና አውሮፓ የደረሰው በየመን በኩል ስለ ነበረ ነው። የትውልድ አገሩ የኢትዮጵያ ደን መሆኑ ከታወቀ በኋላም ስሙ አልተለወጠም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ በቀዬህ የሚበቅለውን ዕፅ በስሙ ዕወቀው፥ ጻፈውም። ቀድሞ የጻፈ ስሙን ያወጣልና።