አባይ ሳንደርስ

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የወጣነው አባይ ዳር አሸዋ ላይ ልንሰነብት ነው። ወንዙ በበጋ ሲጎድል በወሎ ቦረና በኩል ሰፊ አሸዋ ትቶ እንደሚሸሽ የነገሩን የአገሩ ልጆች ናቸው። የአጎቴ ልጅ የሚኒባሱን የኋላ ወንበሮች አውጥቶ ፍራሽ አነጠፈ። ጾም ስለነበር ሽሮና በሶ ጫንን። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኝቶ፣ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ነበር፤ ከሰው ርቆ ወንዝ ዳር መክረም ለጊዜው የሚስማማ ጉዞ ነበር።

ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ ደጋ ለደጋ ነው። የበልግ ዝናብ ያገኘው ገብስ አረንጓዴ ነበር። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበትን የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ በመልስ ጉዞ ልናየው አቆየነው። ምነው ያኔውኑ ባየነው!

መካነ ሰላም አንዲት እናት ግቢያቸው ውስጥ መኪናችንን አቁመን እንድናድር ፈቀዱልን። ወደ ቆላው ልንወርድ ስንል ግን ኬላው ላይ ገመድ ተወጥሮ ጠበቀን። ክልሉ ከተማ አቋራጭ የሕዝብ ትራንስፖርት አግዷል፤ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ጥሊሊና አዲስ ቅዳም ደግሞ ከመጋቢት 22 ጀምሮ ለ14 ቀናት ሙሉ በሙሉ ተዘግተዋል። ሚሊሻው ታርጋችንን አየና ራሱን ነቀነቀ። ሰው ባይጫንበትም ሚኒባስ ሚኒባስ ነው። «ወደፊት አይቻልም» አለን። ወደ ደሴስ? «እሱም አይቻልም። አብሽሩ፣ ለሁላችንም ተብሎ ነው።»

ወደ ግቢው ተመለስን። እኒያ እናት ቡናውን በጀበና አፍልተው፣ ስኒውን ከበሩ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ራቅ ብለው ቆሙ። «ይቅር በሉኝ ልጆቼ፣ እንግዳ ደጅ አቁሜ አላውቅም» አሉ። «ኧረ እማማ፣ ያስቸገርንዎት እኛ ነን» ከማለት ሌላ ምን ይባላል? ወሎ ውስጥ እንግዳ መፍራት ምን ያህል እንደሚከብድ ፊታቸው ላይ አየሁት።

መዝጋቱን አልቃወምም። ሐኪም ቤት በራቀበት ደጋ በሽታው ቢገባ ማን ያተርፈው ነበር? የሚያናድደኝ ትእዛዙ መንገድ ላይ ያለን ሰው አለማሰቡ ነው። ኒውዚላንድ በዚያው ሰሞን አገሩን ስትዘጋ፣ መኪናቸውን ቤታቸው አድርገው የሚዞሩትን ጨምሮ ሰው ሁሉ ማረፊያውን እንዲያበጅ 48 ሰዓት ሰጥታ ነበር። ይህ ሀብት አይጠይቅም፤ አዋጁን የሚጽፈው ሰው መናኸሪያ ላይ የቆመውን መንገደኛ እንዲያስብ ብቻ ይጠይቃል።

መናኸሪያው ላይ የቆመችው ደግሞ ታማሚ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። ልጇ ደሴ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበረው፤ አውቶቡስ የለም። ይለፍ ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ ስንመላለስ የእሷንም ጉዳይ ይዘን ነበር። መጋቢት 30 የፌዴራሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ተሽከርካሪዎች የሚጭኑትን ሰው በግማሽ ይቀንሱ ከተባለ በኋላ፣ በመጨረሻ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተሰጠን። የእኔና የአጎቴ ልጅ ስም ሰፍሯል፤ የእሷ የለም። ቢሮው ተዘግቶ ስለነበር አሳፍረናት ወጣን።

ለአባይ አሸዋ ያነጠፍነው ፍራሽ ላይ ልጁን አስተኛችው። ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ በየኬላው ወረቀቱ ላይ የሌለችው ሴት ማን እንደሆነች እንጠየቃለን፤ እሷም በየኬላው ከመኪናው እየወረደች የልጁን የሕክምና ካርድ ታሳያለች።