ሁርሶ፦ ዘመድ በሌለበት አገር

ዛሬ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። እናት፣ እህት፣ አክስት በሌለበት አገር ታማችሁ ታውቃላችሁ? ትኩሳቱ ሲነሣ ግንባራችሁን የሚዳስስ፣ አጥሚት የሚያመጣ፣ «ተነሽ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» የሚል ሰው ከትዳር ጓደኛችሁ በቀር ያልነበረበት ጊዜ ገጥሟችኋል? እንዲህ ያለውን ቀን ያየ ሰው የምጽፈው ቶሎ ይገባዋል። ያላየም ቢሆን፣ ልጁ ወይም ወንድሙ አንድ ቀን ወደ ሩቅ አገር መሄዱ አይቀርምና አብሮኝ ይጓዝ። የምወስዳችሁ ወደ ሁርሶ ነው።

መንገዱ

እኔና ባለቤቴ ለአገልግሎት ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ተዛውረን ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። በአንድ ቀን መንገድ ከጋቢ ወደ ነጠላ፣ ከነጠላም ወደ ላብ ትወርዳላችሁ። ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ የድሮው ባቡር ሀዲድ በሚያልፍበት በረሃማ ሜዳ ላይ ናት። ያ ሀዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ሥራው ለዓመታት ቆሞ እንደገና ቀጠለና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሁርሶም በዚሁ መስመር ላይ ካሉት ትንንሽ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች።

ከከተማው ስትወጡ የሐረርጌ ተራሮች በግራ በኩል ይቀራሉ። ከፊት ለፊት ግራር፣ እሾህ፣ ውኃ የሌለበት አሸዋማ ወንዝና ቀስ እያሉ መንገድ የሚያቋርጡ ግመሎች ይታያሉ። ሁርሶን ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያውቃት በወታደር ማሰልጠኛዋ ነው። ለሰላም ማስከበር ወደ ሌሎች አገሮች የሚላኩ ወታደሮች ጭምር በዚያ ሠልጥነዋል። ስለዚህ ትንሽ ብትሆንም ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ የመጣ ሰው ታገኙባታላችሁ። በመንደሯ ሶማልኛና ኦሮምኛ ይሰማል፤ አማርኛም በየአካባቢው ቃና ይነገራል።

ባልና ሚስቱ

በዚያች ከተማ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። ስማቸውን አልጠቅስም። ከሆሳዕና አካባቢ፣ ከወይና ደጋ፣ እንሰት ከሚበቅልበት አገር የመጡ ናቸው። ባልየው መካኒክ ነው፤ እርሷ እንጀራ እየጋገረች ትሸጥ ነበር። ባሕር ባይሻገሩም ለእነርሱ ሁርሶ ባዕድ አገር ነበረች። ቋንቋው ሌላ፣ ምግቡ ሌላ፣ ሙቀቱም ሌላ ሆነባቸው። እርሷ የመጀመሪያውን ወር ስታስታውስ፣ «ሌሊቱን በእርጥብ ሻሽ ተጠቅልዬ እተኛ ነበር» ብላኛለች።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነበረች። በደጃፉ ውኃ የሚጠራቀምበት ትልቅ በርሜልና አምስት ቢጫ ጀሪካን ይቆማሉ። ውኃ በየቀኑ ስለማይመጣ በመጣ ቀን ሁሉም ይሞላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኅብረቱ የሚሰበሰበው እዚያው ነበር። አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ሰው እንሆናለን። ወንበር የሌለው በተገለበጠ ጀሪካን ላይ ይቀመጣል። እንዘምራለን፣ ቃል እንካፈላለን፣ ከዚያ ሻይ በዳቦ ይቀርባል። እኔና ባለቤቴ ከድሬዳዋ በሚኒባስ እየሄድን እናገለግላቸው ነበር። በአጥር ማዶ የሚኖሩት ሶማሌዋ እናት መዝሙሩ ሲያልቅ ጠብቀው የግመል ወተት ይልኩልን ነበር።

ያቺ ቅዳሜ

የምነግራችሁ በ2014 ዓ.ም. በበጋው ወራት የሆነውን ነው። እህታችን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ባለቤቴ ድሬዳዋ ሌላ አገልግሎት ስለነበረው ያን ቀን ብቻዬን ሄድኩ። እርሷ ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ ተኝታ፣ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። ከሐሙስ ጀምሮ እንዳመማት ነገሩኝ። ባልየው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ድሬ ልውሰዳት ይሆን?» አለኝ።

ውድ አንባብያን፣ የመለስኩለትን መልስ መጻፍ አሁንም ያሳፍረኛል። «አይዞህ፣ በእምነት እንቁም። እስከ ሰኞ እንጹምና እንጸልይ» አልኩት። እጄን ጭኜ ጸለይኩ። በእንባ ነው የጸለይኩት፤ ከልቤም ነበር። ከዚያ የ10 ሰዓቱ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ተነሥቼ ሄድኩ። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የጨረስኩ፣ ለሴቶች የማስተምር ሴት ነኝ። ያ ወጣት ባል ከእኔ ቃል አልፎ ሊሄድ አልደፈረም።

እሑድ ሌሊት ባሰባት፤ መቃዠትም ጀመረች። የጎረቤቷ እናት ድምፅ ሰምተው በአጥሩ በኩል ገቡ። ባልየው ተንበርክኮ አገኙት። እኒያ እናት የተናገሩትን እርሱ እስከ ዛሬ ይደግመዋል፦ «ልጄ፣ ዱዓ መኪና ውስጥም ይደረጋል። ተነሣ!» ልጃቸውን ቀስቅሰው ፒክአፑን አስነሡት። ሲነጋ ድሬዳዋ ሆስፒታል ደረሱ። ከጣቷ ደም ተወስዶ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ፤ ደሟም በጣም ወርዶ ነበር። የዚያኑ ዕለት ልጇ ጊዜው ሳይደርስ ተወለደ። ወንድ ነበር። ከቀትር በኋላ አረፈ። እናቲቱን ጌታ አተረፈልን።

ሕክምናው ሐሙስ ቢጀመር ኖሮ ሕፃኑ በእርግጥ ይተርፍ ነበር ማለት አልችልም። ነገር ግን በእርግዝና ጊዜ የሚይዝ ወባ ደም እንደሚያሳንስ፣ ያለ ጊዜ መውለድንና ውርጃን እንደሚያመጣ፣ ቶሎ ከታከመ ግን መድኃኒት እንዳለው ሐኪሟ ስታስረዳን መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ።

በርሜሉ ውስጥ የነበረው

ከዚያ በኋላ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። ወባን ከዝናብና ከረግረግ ጋር ብቻ አያይዤ ነበር የማውቃት። «በዚህ ደረቅ በጋ ወባ ከየት ይመጣል?» እል ነበር። ለካ በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በበጋ የተነሣውን የወባ ወረርሽኝ ተመራማሪዎች አጥንተውት፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከምትባል ትንኝ ጋር አያይዘውታል። ይህች ትንኝ መነሻዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ነው። እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ2012 ጅቡቲ ላይ፣ በ2016 ደግሞ በአገራችን ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። ከለመድናት የወባ ትንኝ የሚለያት፣ ሰው ባጠራቀመው ውኃ ውስጥ፣ በበርሜል፣ በሮቶ፣ በግንባታ ጉድጓድ በደንብ መራባቷ ነው። ውኃ በሚጠፋበት ከተማ ሰው ውኃ ያጠራቅማል፤ እርሷም እዚያው ትፈለፈላለች።

ድሬዳዋ ሌሎች ትኩሳቶችንም አይታለች። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ መገጣጠሚያን አሥሮ የሚይዘው ችኩንጉንያ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጥሏል። እነዚህን የምታስተላልፈው ሌላ ትንኝ ናት። እርሷ የምትነክሰው ቀን ነው፤ የምትራባው ግን እንዲሁ በተጠራቀመ ውኃ ነው። ሦስቱም በትኩሳት ስለሚጀምሩ በግምት መለየት አይቻልም፤ ምርመራ ያስፈልጋል። በተለይ ደንጊ ከሆነ አስፕሪንና መሰል ማስታገሻ ከመደብር ገዝቶ መዋጥ መድማትን ሊያባብስ ይችላል።

የዚያን ቤት በርሜል ክዳን አስታወስኩ። ክዳን አልነበረውም። በአጠገቡ ተቀምጠን ስንት ቅዳሜ ዘምረናል!

ጸልየው ስለሄዱ ነው

እህታችን ከሆስፒታል ወጥታ ድሬዳዋ እኛ ቤት ሦስት ሳምንት ቆየች። የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ተራ ገብተው ገንፎ አገነፉላት፤ ልብሷንም አጠቡላት። ከሁርሶ ኅብረት ሁለት ወንድሞች ከደመወዛቸው አዋጥተው የመድኃኒቱን ከፈሉ። ሶማሌዋ እናትም አንድ ቀን ወተት በጀሪካን ይዘው በባጃጅ መጡ፤ የእኛ ሴቶች ተነሥተው በቦታቸው አስቀመጧቸው።

አንድ ማታ ይቅርታ ጠየቅኋት። «እኔ ነኝ ያስቆየሁሽ» አልኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ፣ «እትዬ፣ ያዘንኩት ስለጸለዩልኝ አይደለም። ጸልየው ስለሄዱ ነው» አለችኝ። ይቅር ብላኛለች፤ ይህን ቃል ግን በልቤ ይዤዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱሴን ሳነብ ያላየኋቸው ሰዎች ይታዩኝ ጀመር። አቂላና ጵርስቅላ ከሮም ተሰደው በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፉ የኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ባዕዳን ሆነው ሳለ ጳውሎስን ቤታቸው አስቀመጡት፤ በቤታቸውም ቤተ ክርስቲያን ትሰበሰብ ነበር። አፍሮዲጡ ከፊልጵስዩስ ርቆ ጳውሎስን ሲያገለግል ለሞት እስኪቀርብ ታመመ። ጳውሎስ አብሮት ወታደር ይለዋል፤ መታመሙን ከእምነት ማነስ አልቆጠረበትም። ጥሮፊሞስም በሚሊጢን ታሞ ቀርቷል። በብዙዎች ላይ እጁን የጫነው ያው ሐዋርያ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ምክር ሰጥቶታል፤ ሉቃስ ሐኪሙም ከእርሱ ጋር ይጓዝ ነበር። ጸሎትና ሕክምናን ያጣላነው እኛ ነን።

ለእናንተ

እንግዲህ ለባለ ትዳሮች እንዲህ እላለሁ። በሩቅ አገር ስትኖሩ ለሕመም ቀን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የመኪና ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ። ሌሊት የሚጠራ ሰው ስልክ ሁለታችሁም ዘንድ ይኑር። ትኩሳት በጀመረ በዚያው ቀን ተመርመሩ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከሆነ ደግሞ አንድ ሌሊት አታሳድሩ። የውኃ ዕቃችሁን ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ፤ በየሳምንቱም ገልብጣችሁ እሹት። አጎበር ዘርጉ። ባል ሆይ፣ ሚስትህ ስትንቀጠቀጥ የማንንም ፈቃድ አትጠብቅ፤ የአገልጋይም ቢሆን፣ የእኔም ቢሆን።

በጅዳ፣ በቤሩት፣ በዋሽንግተን፣ በጆሃንስበርግ ላላችሁም እንዲሁ። ስልክ ሲደወል «ደህና ነን» እያላችሁ ሕመማችሁን ብቻችሁን የምትሸከሙ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እናት እንዳትጨነቅ ብላችሁ ነው። ግን ቢያንስ ከኅብረታችሁ ለአንድ ሰው እውነቱን ንገሩ። የኅብረት መሪዎች ደግሞ፣ «እንጸልይልሃለን» ካላችሁ በኋላ ሚኒባሱ እንዲያመልጣችሁ ፍቀዱ።

ወደ ሁርሶ እንመለስ

ከድሬዳዋ ከመዛወራችን በፊት ለስንብት ሁርሶ ሄድን። በርሜሉ የቆርቆሮ ክዳን ተሠርቶለት፣ በላዩም ድንጋይ ተጭኖበታል። ኅብረቱ ከመዝሙር በፊት «ይህን ሳምንት ያመመው አለ?» ብሎ መጠየቅ ጀምሯል፤ ካለም ሁለት ሰው ተመርጦ እስከ ጤና ጣቢያ ይሸኛል። በሁለተኛው እርግዝናዋ እህታችን ክትትሏን አላቋረጠችም፤ አንድ ቀን ሲያተኩሳት ባልየው ስልክ እንኳ ሳይደውልልን ይዟት ሄዷል። ያን ቀን ወባ አልነበረም፤ ቢሆንም ደስ አለኝ። ዛሬ ሴት ልጅ አላቸው። ያን ሕፃን ግን አልረሱትም፤ እኔም አልረሳሁትም።

በዚያ የስንብት ቀን ልጅቷን አቅፈው የተቀመጡት የአጥር ማዶዋ እናት ነበሩ። መዝሙሩ እስኪያልቅ ውጭ መጠበቅ ትተው ከእኛው መሐል ጀሪካን ላይ ተቀምጠዋል። ሚኒባሱ በ10 ሰዓት ጥሩንባውን ነፋ። እኔና ባለቤቴ ተያየንና አልተነሣንም፤ እዚያው አደርን።

ዘመድ በሌለበት አገር ያላችሁትን ሁሉ ጌታ ዘመድ ይስጣችሁ። ዘመድ ያለን ደግሞ ለሌላቸው ዘመድ እንሁን። አሜን።