ስለ ተነፈገች አንዲት ቃል

የጾም ወራት ለሰው ሁለት ሚዛን ያቀርብለታል። አንደኛው የሆድ ሚዛን ነው፤ ምን በላሁ፥ ምን ተውሁ፥ በስንት ሰዓት ቀመስሁ የሚያሰኝ። ሁለተኛው የአፍ ሚዛን ነው፤ ምን ተናገርሁ፥ ምንስ መናገር ሲገባኝ ሸሸግሁ የሚያሰኝ። በመጀመሪያው ራሳችንን በየቀኑ እንመዝናለን፤ ወደ ሁለተኛው ግን ሌላ ሰው ገፍቶ ካላወጣን በቀር በፈቃዳችን አንወጣም። እኔን ገፍተው ያወጡኝ ለቤተ ክርስቲያን ስንዴ የሚለቅሙ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ዛሬ በዕድሜ እርሳቸውን ስለ ደረስሁባቸው፥ ነገሩን ለልጆቼና ለሚያነብ ሁሉ ጽፌ ማለፍ ይገባኛል ብዬ አሰብሁ።

ጊዜው 1963 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የወለጋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችው፥ ብዙ ሰውም ለቀምት እያለ ይጠራት በነበረችው በነቀምት፥ የአንደኛ ደረጃ መምህር ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። የተወለድሁት ከደዴሳ ወንዝ ማዶ፥ በጊምቢ በኩል፥ ቡና ከሚለቅሙ ገበሬዎች ቤት ነው። አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የተማርሁት በትምህርት ቤት ነው። በዚያም ወንዱን በሴት፥ ሴቲቱን በወንድ አንቀጽ እየጠራሁ ስሳሳት ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። ልጅ ሲሳቅበት ወይ ይማራል ወይ ይደበቃል፤ እኔ ሁለቱንም አደረግሁ። አማርኛውን አሳምሬ ተማርሁ፤ ኦሮምኛዬን ደግሞ እንደ ተቀደደ ልብስ ከሰው ፊት ሰወርሁት። ዘመኑም ለዚህ ያግዝ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ኦሮምኛ በትምህርት ቤት አይማሩበትም፥ በመንግሥት ቢሮም አይጽፉበትም ነበር።

ከከተማው አጥቢያዎች በአንዱ የሰንበቴ ማኅበር ገብቼ ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ ጸሐፊ አደረጉኝ። ሥራዬ የማኅበርተኛውን ተራ መመዝገብ፥ ዳቦውን፥ ንፍሮውንና ጠላውን ማን እንደሚያመጣ መቈጣጠር፥ ያልከፈለውን ሰው ማስታወስ ነበር። በዚህ ሥራ እጅግ ትጉህ ነበርሁ፤ ትጋቴንም ሰው እንዲያይልኝ እወድ ነበር።

ጾመ ነቢያት፥ ሕዝቡ የገና ጾም የሚለው፥ ኅዳር 15 ቀን ገብቶ በልደት ዋዜማ ይፈጸማል፤ በጠቅላላው 44 ቀን ነው። አርባው ነቢያት የክርስቶስን መምጣት እየናፈቁ የጾሙት ነው፤ ሦስቱ በግብፅ በአባ አብርሃም ሶርያዊ ዘመን ተራራው የፈለሰበት መታሰቢያ ነው፤ አንዱ ቀን ገሃድ ነው። በወለጋ ይህ ጾም የሚውለው አገሩ ሁሉ በጥጋብ በሚሸትበት ወራት ነው። ጤፉ ታጭዶ ይከመራል፥ ኑጉ በአውድማ ይወቃል፥ ቡናው በየደጁ ተሰጥቶ ይደርቃል። አንጮቴን በቅቤ፥ ቡና ቀላንም በቅቤ ለለመደ ሰው እነዚያ ቀኖች ረጃጅም ናቸው። እኔ ግን በጾም አልታማም ነበር። በሥራ ቀን ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ እውል ነበር፤ ይህንንም የማያውቅ ጎረቤት አልነበረኝም።

ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ቤተ ልሔም አለ። አንባቢ እንደሚያውቀው፥ በየአጥቢያችን ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት የጌታ የትውልድ ከተማ ስም ተሰጥቷታል። ወደ ውስጥ ዲያቆናቱና ቀሳውስቱ ብቻ ይገባሉ። ስንዴው ግን ከመፈጨቱ በፊት መለቀም አለበት፤ እንክርዳዱና ጠጠሩ አንድ በአንድ መውጣት አለበት። ይህን ሥራ በደጃፉ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፥ ሰፌዳቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው የሚሠሩት እኚያ አሮጊት ነበሩ። ማንም አልቀጠራቸውም፤ ማንም አይከፍላቸውም ነበር። በእኔ መዝገብ ውስጥም ስማቸው አልነበረም፤ ተራ አልነበራቸውምና። ሁልጊዜ የሚሠራ ሰው ተራ የለውም፤ ተራ የሌለውን ደግሞ መዝገብ አያውቀውም።

ከልደት በፊት ያሉት ሦስቱ ሰንበታት እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ስብከት፥ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። በመጀመሪያው ነቢያት ስለሚመጣው የተናገሩት ይታሰባል። በሁለተኛው በጨለማ ያለ ሰው ብርሃን እንዲላክለት መለመኑ ይታሰባል። በሦስተኛው እረኛ የሌለው መንጋ እረኛውን መጥራቱ ይታሰባል፤ ኖላዊ ማለት በግእዝ እረኛ ማለት ነውና። አባቶቻችን ይህን ሲሠሩ ደረጃ እንደሚሠራ ሰው ይመስሉኛል። ቃል ከሩቅ ይሰማል፤ ብርሃን ከቃል ይልቅ ይቀርባል፤ እረኛ ግን ከበጎቹ መካከል ገብቶ በሚያውቁት ድምፅ ይጠራቸዋል።

በዚያ ዓመት ኖላዊ የዋለው ታኅሣሥ 25 ቀን ነበር፤ በጾሙ በ41ኛው ቀን ማለት ነው። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ወደ ሰንበቴው ቤት ሲሄድ፥ እኔ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በግቢው ቆሜ እጫወት ነበር። አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ እኔ መጡና በኦሮምኛ፥ «ያ ኢልማ ኮ፥ ኖላዊን ማል ጄቹዳ?» አሉኝ። ልጄ ሆይ፥ ኖላዊ ማለት ምን ማለት ነው ማለታቸው ነው።

አየህ፥ አንባቢ ሆይ፥ የተጠየቅሁት ገንዘብ አይደለም፤ ጕልበትም አይደለም። የተጠየቅሁት አንዲት ቃል ናት። ቃሊቱም ቲክሴ ናት፤ በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ ሰው ሁሉ የሚጠራኝ በእርሷ ነበር። ነገር ግን ባልደረቦቼ አጠገቤ ቆመው ነበር። አንደኛው ፈገግ ብሎ፥ «ምን ይሉሃል?» አለኝ። እኔም ፊቴ ሳይለወጥ፥ «እኔ እንጃ፤ ቋንቋቸውን አላውቀውም» አልሁ። ወደ እርሳቸውም ዞሬ በአማርኛ፥ «እማማ፥ አልገባኝም፤ ሌላ ሰው ይጠይቁ» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት አይተውኝ፥ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሄዱ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በጾም ወራት ደግሞ ቅቤውም አይገኝም። ያን ቀን ከሰንበቴው ዳቦ ስቈርስ ጕሮሮዬ ተዘጋ። በአርባ አንድ ቀን ውስጥ ከአፌ አንዲት ጠብታ ወተት አልገባም፤ ከዚያው አፍ ግን እናቴን የሚያስክድ ቃል ወጣ። የገባውን ስጠብቅ የወጣውን አልጠበቅሁም ነበር።

የልደት ሌሊት ደረሰ። ካህናቱ በማኅሌት ቆመው፥ ከበሮው እየተመታ፥ ጸናጽሉ እየተንሿሿ፥ ሕዝቡ ጧፍ ይዞ ግቢውን ሞላው። በቅዳሴው ጊዜ ከቤተ ልሔም ቃጭል ተሰማ፤ ዲያቆኑ መሶበ ወርቁን ተሸክሞ፥ ጥላ ተይዞለት በመካከላችን አለፈ። ሰው ሁሉ አጐነበሰ። እኔም አጐነበስሁ፤ ነገር ግን ያጐነበስሁት በአክብሮት ብቻ አልነበረም። በዚያ መሶብ ውስጥ ያለውን ስንዴ አንድ በአንድ የለቀሙት ጣቶች የማን እንደ ሆኑ አውቅ ነበርና ቀና ማለት አፈርሁ።

ሌሊት ቅዳሴ ወጥቶ ሰው እየተሳሳመ ሲለያይ፥ አሮጊቷን በበሩ አጠገብ አገኘኋቸው። ልሰወር ብዬ ነበር፤ እርሳቸው ግን አዩኝ። ወደ እኔ ቀርበው፥ ቃሉን እንደ ከባድ ሸክም እያነሡ በአማርኛ፥ «እንኳን አደረሰሽ፥ ልጄ» አሉኝ።

ይህን ሰላምታ ለእኔ ሲሉ ተምረውት ነበር። ኦሮምኛ የማያውቅ ድኻ ልጅ ነው ብለው አዝነውልኝ፥ በእርጅናቸው የእኔን ቋንቋ ሊናገሩልኝ ደከሙ። ስሕተታቸውም እኔ በልጅነቴ የተሳቀብኝ ያው ስሕተት ነበር። እኔ እርሳቸውን ላለማወቅ ቋንቋ ደበቅሁ፤ እርሳቸው እኔን ለመቅረብ ቋንቋ ተማሩ። በዚያች ሌሊት የልደትን ነገር የገለጠልኝ ይህ ነው። ጌታ ሰው ሆነ ስንል፥ ከልዕልናው ወርዶ የእኛን ሥጋ ለበሰ፥ በእኛም አንደበት ተናገረ ማለታችን ነው። እኛ ወደ እርሱ ቋንቋ መውጣት ስላልቻልን እርሱ ወደ እኛ ቋንቋ ወረደ። እኔ ይህን በዓል ለማክበር 44 ቀን ጾሜ፥ በዓሉ የሚናገረውን ግን በግቢው መካከል ቆሜ ክጄው ነበር።

ያን ጊዜ ባልደረቦቼ መኖር አለመኖራቸውን አላየሁም። «አዮ» አልኋቸው፤ በአገሬ እናት የሚጠራው እንዲህ ነው። «አዮ፥ ኖላዊ ማለት ቲክሴ ማለት ነው» ብዬ በኦሮምኛ ነገርኋቸው።

እርሳቸው መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ እጃቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ቲክሴ! እኔ እኮ የአንድ ጻድቅ ስም መስሎኝ በስሙ ስለት ተስያለሁ» አሉ። ሳቃቸውም ሲበርድ ትኵር ብለው አይተውኝ፥ «ታዲያ ያን ዕለት ማን አስደንግጦህ ነው አፍህ የተያዘ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነት ነው፤ ማንም አላስደነገጠኝም ነበር። ባልደረባዬ የጠየቀኝ ምን ይሉሃል ብሎ ብቻ ነው። ያስፈራኝ እርሱ ሳይሆን ከብዙ ዓመት በፊት የሰማሁት የልጆች ሳቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ፥ ስብከቱ ሲያበቃ በቤተ ልሔሙ ደጃፍ ከሰፌዳቸው አጠገብ እየተቀመጥሁ የተሰበከውን በኦሮምኛ እነግራቸው ነበር። ብዙ ሳይቈይ ሌሎች ሴቶችም መጥተው ይከቡን ጀመር። እኔ ስናገር እጄ ሥራ ፈት እንዳይሆን ስንዴ እለቅማለሁ፤ እንክርዳድ ከስንዴ መለየት ከመዝገብ ሥራ ይልቅ ከባድ መሆኑንም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ምናልባት አንባቢ፥ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ግእዝ ነው፤ ያን መንካት አይገባም ይለኝ ይሆናል። ግእዙን እኔም እወደዋለሁ፤ የያሬድን ዜማ ያለ ግእዝ ላስበው አልችልም። ነገር ግን ቅዱሳት መጻሕፍት ራሳቸው ወደ ግእዝ የተተረጐሙት በአክሱም ዘመን ነው፤ ይህም የሆነው አባቶች የአገሩ ሕዝብ በሚያውቀው ልሳን እንዲሰማ ስለ ፈለጉ ነው። በ1954 ዓ.ም. መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ታትሞ ሲወጣም ምክንያቱ ይኸው ነበር። ነቀምትም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ በምፅዋ ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ፥ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ መለሰው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. በግእዝ ፊደል ታተመ። እርሱም በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ በነቀምት ሲያስተምር ኖሮ በ1931 በዚያው አረፈ። በሃይማኖት ክፍል ከእኛ ቢለይም፥ እኔ ለአንዲት ቃል ያፈርሁበትን ቋንቋ እርሱ ለመጽሐፉ ሁሉ የበቃ አድርጎ አሳይቷል።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። በኦሮምኛ ይሰበካል፥ ይዘመራል፥ ቅዳሴውም በኦሮምኛ የሚሰማባቸው አጥቢያዎች አሉ። ስለ ቋንቋ ግን ብዙ ክርክርና ብዙ ቍጣ እሰማለሁ፤ ከአንዱም ወገን ሆኜ ልፈርድ አልነሣም። የምለው አንድ ነገር ነው። ቋንቋ የሰው ደጅ ነው፤ በደጁ የማይገባ እንግዳ ወደ ቤቱ አይደርስም። ስለዚህ በየትኛውም ቋንቋ የምትናገር ሰው፥ አጠገብህ ቆሞ የማይሰማህ ሰው ያለ እንደ ሆነ፥ የጐደለው እርሱ ብቻ ነው ብለህ አትለፈው።

አሮጊቷ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል። እኔ ግን ዛሬም ኅዳር 15 ቀን ሲገባ፥ ከጾሙ ምግብ አስቀድሜ የማዘጋጀው አንድ ነገር አለ። በእነዚህ 44 ቀኖች ውስጥ ከእኔ አንዲት ቃል የሚፈልግ ሰው ማን ነው ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ሳልፈልገው የቀረሁበት ዓመት አለ፤ ፈልጌ ያጣሁበት ዓመት ግን እስከ ዛሬ የለም።