አስጎብኚና ዘመድ፦ የአንድ ቀን ጉዞ በወለጋና በሚኒሶታ

በውጭ አገር የግል የአንድ ቀን ጉብኝት የሚባለው አንድ ቤተሰብ ወይም ጥቂት ጓደኛሞች ከሌላ መንገደኛ ጋር ሳይቀላቀሉ መኪናን፣ ሾፌርንና አስጎብኚን በአንድ ዋጋ ተከራይተው ማለዳ የሚወጡበትና ሲመሽ የሚመለሱበት፣ መቆሚያዎቹም ሆኑ የመመለሻ ሰዓቱ አስቀድመው የሚታወቁበት አገልግሎት ነው። በአሜሪካ ትልቁ የኦሮሞ ማኅበረሰብ በሚገኝባት በሚኒሶታ ለሚኖር የወለጋ ተወላጅ የዚህ ጉዞ ቅርብ ምሳሌ ከሚኒያፖሊስ ተነስቶ በሴንት ክሮይ ወንዝ ዳር ወደ ስቲልዋተርና ወደ ቴይለርስ ፎልስ የሚወስደው መንገድ ነው። ስቲልዋተር በእንጨት ንግድ ያደገች፣ እ.ኤ.አ. በ1848 ሚኒሶታ ራሱን የቻለ ግዛት እንዲሆን የጠየቀው ጉባኤ የተካሄደባት ከተማ ስትሆን፣ ቴይለርስ ፎልስ ደግሞ በጥንት የበረዶ ዘመን የጎረፈ ውኃ ዐለቱን እንደ ጉድጓድ የቦረቦረበትን የተፈጥሮ ፓርክ ታጎራብታለች። የሚያስገርመው ነገር ከተማዋ ስሟን የወሰደችበት ፏፏቴ ዛሬ የማይታይ መሆኑ ነው፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለኤሌክትሪክ ኃይል በተሠራ ግድብ በተኛው ውኃ ሥር ተውጧል።

በዚህ ጉዞ ላይ ተጓዡ የሚገዛው በመሠረቱ ዕውቀትን አይደለም። የቤቶቹ ዕድሜ በየግድግዳው ላይ ተጽፏል፣ የዐለቱ አፈጣጠር በሰሌዳ ላይ በሥዕል ተብራርቷል፣ በፓርኩ በር ላይም የመኪና መግቢያ ፈቃድ ዋጋው የታወቀ ነው፤ ስለዚህ አስጎብኚው ቢቀር ጉብኝቱ ይደበዝዝ ይሆናል እንጂ አይቆምም። የሚገዛው ምቾትና ከሌላ ሰው ጋር ያለመነካካት መብት ነው። «የግል» የሚለው ቃል በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ጎልቶ የሚታየውም ለዚህ ነው።

ይህንኑ ልማድ የለመደ ሰው ለዕረፍት ነቀምቴ ሲገባና ታሪካዊ ቦታዎቹንና ፏፏቴዎቹን በአንድ ቀን ለማየት ሲያስብ፣ መኪናውን የሚያገኘው በአብዛኛው «ኮንትራት» በሚባለው መንገድ ነው። ኮንትራት ማለት በመደበኛው ቀን መንገደኛ እየጫነ የሚሠራን አባዱላ ወይም ላንድክሩዘር ከነሾፌሩ ለቀኑ ብቻውን መያዝ ሲሆን፣ ነዳጁ በማን እንደሚሸፈን፣ የሾፌሩ ምሳና ጉዞው ቢያድር የሚከፈለው አበል ከመነሻው ካልተቆረጠ ማታ ላይ ክርክር ማስነሳቱ የተለመደ ነው። መኪናው ግን ለአንድ ሰው ቢያዝም ለአንድ ሰው ብቻ አይነሳም። የእንግዳው መምጣት በተሰማበት ሁሉ፣ አክስት ወደ ሲሬ የምትሄድበት ጉዳይ አላት፣ የአጎት ልጅ የነቀምቴን ቤተ መንግሥት ከልጅነቱ ጀምሮ አላየውም፣ አንድ ጎረቤት እስከ ባኮ ድረስ ቢሸኙት ደስ ይለዋል። በዚህ ላይ ማጉረምረም ከንቱ ነው፤ እዚህ አገር ባዶ ወንበር ይዞ ማለፍ ራሱ እንደ ነውር ይቆጠራል።

ከሁሉም በላይ ልዩነቱ የሚታየው በአስጎብኚው ሚና ላይ ነው። በወለጋ እንግዳን ይዞ የሚዞር ሰው በቅድሚያ ተንታኝ ሳይሆን ዋስ ነው፤ ማለትም እንግዳው የማን ልጅ እንደሆነ በየደረሰበት የሚናገር፣ በአፋን ኦሮሞ በአግባቡ ሰላምታ የሚያቀርብ፣ ሽማግሌውን ኦቦ እናቲቱን አዴ ብሎ የሚጠራና በኬላ ላይ ለሚቆመው ወጣት ጉዳዩን በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያስረዳ ሰው ነው። ይህ ሚና ድሮም የነበረ ቢሆንም፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ኦሮሚያ ጸጥታው ከታወከ በኋላ ከጌጥነት ወደ ግዴታነት ተሻግሯል። በ2012 ዓ.ም. በአካባቢው የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበረ የሚያስታውስ ቤተሰብ፣ እንግዳው የሚሄድበትን መንገድ የሚወስነው በካርታ ሳይሆን በዚያው ዕለት ማለዳ ወደ መድረሻው ከተማ ደውሎ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ በመጠየቅ ነው። በውጭ አገር የተጻፈ የጉብኝት ዕቅድ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ያለው ስልኩን ከወዲያኛው ጫፍ የሚያነሳው የታመነ ሰው ነው፣ መልሱም «ዛሬ ይቅርባችሁ» ከሆነ ጉዞው ያለ ክርክር ይቀራል።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በ330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ የተቀመጠችው ነቀምቴ ከከተማ ሳይወጡ የሚታይ ብዙ ነገር አላት። የመጀመሪያው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በከሬ ጎዳና የለቃን ኦሮሞ ግዛቶች አሰባስቦ የመሠረተው የለቃ ነቀምቴ መንግሥት በልጁ በሞረዳ በከሬ እጅ ሲጠናከር፣ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ የቤተ መንግሥቱ ሥራ ተጀመረ፤ ከሞረዳ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1889 የነገሠው ኩምሳ ደግሞ ግቢውን አስፋፍቶ ስሙን አተመበት። ኩምሳ «ሞቲ» ማለትም በኦሮምኛ ንጉሥ ይባል የነበረ ሲሆን፣ በክርስትና ስሙ ገብረ እግዚአብሔር፣ በማዕረጉም ደጃዝማች ነው፤ አንድ ሰው በሁለት ስምና በሁለት ማዕረግ መጠራቱ የዘመኑን የሥልጣን አሠራር ከማንኛውም መጽሐፍ በበለጠ ባጭሩ ያሳያል። እንጨት በብዛት የገባባቸው 10 ያህል ቤቶች ያሉበትን ይህን ግቢ ለማየት የሚገባ እንግዳ፣ ቤቶቹን በሩጫ ከመቁጠር ይልቅ በአንደኛው በረንዳ ላይ ቆሞ ይህ ቤተ መንግሥት እንዴት ሳይቃጠልና ሳይፈርስ ሊቆይ እንደቻለ ቢጠይቅ ይሻላል።

መልሱ በ1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉዱሩ ምድር በእምባቦ ከተካሄደው ጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ውጊያ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጦር አዛዣቸው ጎበና ዳጬ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ሲማርኩ፣ ከጊቤ ማዶና ከአባይ በስተ ደቡብ ያለው አገር ለሸዋ ተከፈተ፤ ሞረዳም ሳይዋጋ ገብሮ የውስጥ አስተዳደሩን ለራሱ አስቀረ። ግብር እየከፈሉ በራስ መተዳደር የተባለው ይህ አደረጃጀት በቄለሙ በጆቴ ቱሉ ዘንድም ነበረ። ታሪኩ የሚነገርበት ቃና ግን በተናጋሪው ይለያያል፤ አንዱ የሞረዳን ውሳኔ አገርን ከጥፋት ያዳነ ብልሃት ሲለው ሌላው የነፃነት ማብቂያ መጀመሪያ ይለዋል፣ እንግዳውን ይዞ የመጣው አጎትም ከየትኛው ወገን እንደተወለደ ሳይናገር አንደኛውን ብቻ ይተርካል። የሠለጠነ አስጎብኚ ከዘመድ የሚበልጥበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው፤ ሁለቱንም ትረካ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ይሄዳልና።

በዚያው ከተማ ሌላው ሊጎበኝ የሚገባው የኦነሲሞስ ነሲብ ዱካ ነው። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ በምፅዋ ነፃ የወጣውና በስዊድን የተማረው ኦነሲሞስ፣ በባርነት ተሸጣ ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ በግዕዝ ፊደል አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶም ኩምሳ ተቀበለው፣ ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ1931 እስከሞተበት ድረስ መኖሪያው ሆነች። በስዊድን ለሚኖሩ የወለጋ ልጆች ይህ ታሪክ ከሁለቱም ወገን የቤት ታሪክ ነው። ከከተማው ውጭ ያለው የቦነያ ሜዳ ደግሞ በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ ከእነሱም መካከል የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች፣ ያረፉትን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በሌሊት ያቃጠሉበትና የአየር ኃይል ጄኔራሉን ማሊዮኮን የገደሉበት ቦታ ሲሆን፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው አብሮ ከሌለ መኪናው ሳይቆም ያልፈዋል።

ፏፏቴን በሚመለከት የጊዜ ጉዳይ ከቦታው ይቀድማል። በነቀምቴ አካባቢ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፣ አብዛኛውም በክረምት ነው፤ በውጭ ያለው ቤተሰብ ደግሞ የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ በመሆኑ የሚመጣው ወንዙ ሞልቶ ፏፏቴው በሚያምርበት፣ ነገር ግን ከአስፋልት የወጣ መንገድ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ወቅት ነው። በገና የሚመጣው ደረቅ መንገድና ቀጭን ውኃ ያገኛል። ሁለቱን የሚያስታርቀው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ነው፤ ያኔ ግን ውጭ ያለው ሰው ሥራ ላይ ነው።

ከወለጋ ወንዞች ለጎብኚ ብዙ የሚናገረው ፊንጫ ሲሆን፣ ከጌዶ ወደ ሰሜን በሚገነጠለው መንገድ ይደረስበታል። ወንዙ ከጮመን ረግረግ ተነስቶ ከሆሮ ጉዱሩ አምባ ወደ አባይ ሸለቆ የሚወረወርበት ገደል ከ500 ሜትር በላይ የሚወርድ በመሆኑ መሐንዲሶችን የሳበ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በተመረቀው ግድብ ረግረጉ ሐይቅ ሆነ፣ የግጦሽ መሬቱ ተዋጠ፣ ውኃውም በቧንቧ እየወረደ መብራት ማመንጨት ጀመረ፤ ከሸለቆው ግርጌም የስኳር ፋብሪካ ተተከለ። ስለዚህ ፏፏቴ ፍለጋ የመጣ እንግዳ የሚያየው በከፊል የፏፏቴውን ሥራ ነው። ይህን ቅር የሚለው ሰው የጭስ ዓባይን ዕጣ ያስታውስ፤ በሚኒያፖሊስ መሃል ያለው የሴንት አንቶኒ ፏፏቴም ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሰው ሠራሽ ንጣፍ የተያዘ ነው፣ ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረውም የእምባቦ ጦርነት በተካሄደበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ነበር። ፈረንጆቹ ግን ለእንግዳ ሲሉ ውኃን ማዘዝ ያውቁበታል። በስዊድን ትሮልሄታን ከተማ ወደ ኃይል ማመንጫው የተዘዋወረው ወንዝ በበጋ ወራት በታወቀ ሰዓት በር ተከፍቶለት ለጎብኚዎች በአሮጌ መውረጃው እንዲፈስ ይደረጋል፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 የሚኒሃሃን ፏፏቴ ሊጎበኙ ሲመጡም ዓመቱ ደረቅ ስለነበረ የሚኒያፖሊስ ከተማ ከላይ በኩል የእሳት አደጋ ቧንቧዎችን አስከፍታ ፏፏቴውን ሞልታላቸዋለች።

አንድ ቀን ለወለጋ እንደማይበቃ ግልጽ ነው። ጊምቢ ከነቀምቴ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መንገዱም ወደ ዴዴሳ ቆላ ወርዶ እንደገና ይወጣል፤ የጥንቱ የፕላቲኒየም ማዕድን ያለበት ዩብዶና ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው ደምቢ ዶሎ ራሳቸውን የቻሉ ቀናት ይፈልጋሉ። ጊዜ የሌለው ሰው ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦ በኩል የጉደርን ፏፏቴ አይቶ ቢመለስ የአንድ ቀኑ ቃል ይጠበቅለታል፣ ሆኖም ወለጋ አልደረሰም።

ሰዓቱን የሚበላው ርቀቱ ብቻ አይደለም። በመንገድ ላይ ዘመድ ያለበትን ከተማ ሳይቆሙ ማለፍ አይቻልም፣ ከቆሙም መቀመጥ ግድ ነው፤ ቡናው ከጀበናው ሦስት ጊዜ እስኪወርድ፣ ክብር ላለው እንግዳም ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰው ቡና ቀላ እስኪቀርብ ይጠበቃል። መስከረም ላይ ከሆነ ደግሞ አንጮቴ አለ፤ ይህ በወለጋ የሚወደድ የሥር ተክል ተቀቅሎ፣ ተልጦና ተከትፎ በቅቤና በቅመም ይቀርባል። የውጭ አገሩ ጉብኝት ለምሳ የመደበው ሰዓት እዚህ እስከ አሥር ሰዓት ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሳይመሽ ለመግባት መቸኮል ነው፤ በዚህ አካባቢ በሌሊት መንዳት በማንኛውም ሁኔታ ሊታሰብ አይገባም።

የሚከብደው ጥያቄ ክፍያው ነው። ሾፌሩ ዋጋውን ይናገራል፣ የነዳጅ ማደያው ደረሰኝ ይሰጣል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያስረዳ፣ ሲያስተዋውቅና በኬላ ላይ ሲነጋገር የዋለው ሽማግሌ ግን ገንዘብ ሲዘረጋለት እጁን ይሰበስባል፣ ምናልባትም ይቀየማል። ቤተሰቡ ይህን በጋቢ፣ በስኳር ወይም ልጁን በትምህርት ቤት ክፍያ በመደገፍ በዘዴ ያልፈዋል። ዘዴው ለአዛውንቱ የሚገባ አክብሮት ቢሆንም አንድ ጉድለት አለው፤ ሥራውን እንደ ሥራ ስለማያሳይ ከሽማግሌው አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚማር ወጣት አይገኝም። በላሊበላ ወይም በጎንደር አንድ ወጣት በአስጎብኚነት ቤቱን ሲያስተዳድር፣ በነቀምቴ ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ የተመረቀው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከውጭ የሚመጣው ቤተሰብ ሽማግሌውን እንደ ልማዱ በአክብሮት ይዞ፣ ከእሱ ጋር ደግሞ አንድ እንዲህ ያለ ተመራቂ በተቆረጠ የቀን ሒሳብ ቢቀጥር፣ ወጣቱ የቤተ መንግሥቱን ሁለት ትረካዎች እያቀረበ ሽማግሌው በኬላው ላይ ይነጋገራል፤ በአባዱላው አንድ ወንበር መያዙ ግን አይቀርም፣ ስለዚህ ለአክስት አስቀድሞ ይነገራት።