የእግዚአብሔር እንግዳ በማሪቢርኖንግ

እንግዳ ተቀባይነታችንን ከእኛ ከራሳችን በላይ የሚያወድስልን የለም። መሽቶበት ከደጃፍ የቆመ መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ካለ፣ ባለቤቱ ዘሩን ሳይጠይቅ እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ፣ መደቡን ለቅቆ እንደሚያሳድረው ስንሰማ አድገናል። አብርሃም ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሥሎ አይተናል። እውነት ነው፤ የሚያኮራም ነው። ነገር ግን ይህ ልማድ ቤቱ የእኛ፣ እንግዳው ሌላው መሆኑን አስቀድሞ ይወስናል። ቤቱ የሌላው፣ እንግዶቹ እኛ በሆንንበት አገርስ? በሜልበርን ምዕራብ ሃያና ሠላሳ ዓመት ኖረን፣ ዕድሩ፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ተሟልቶልን፣ አብሮን ቡና የሚጠጣ አንድ የሌላ አገር ሰው ግን የሌለን ብዙዎች ነን። ለወቀሳ አይደለም የምለው። ስደት ሰውን ወደ ወገኑ ያስጠጋዋል፤ ባያስጠጋውማ ስንቶቻችን በቆምን!

ማሪቢርኖንግ የወንዝም፣ የሰፈርም፣ ፉትስክሬይን ያቀፈው የማዘጋጃ ቤት ግዛትም ስም ነው። በፉትስክሬይ ኒኮልሰን ጎዳና እንጀራ የሚሸጡ ቤቶቻችን ከቬትናማውያን ሱቆች ጋር ተጎራብተዋል። ወደ ሰፈሩ ሲመጡ ደግሞ ሚድዌይ የሚባል የስደተኞች ማረፊያ ነበረ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአውሮፓ የመጡት፣ ኋላም ከኢንዶቻይና የሸሹት አርፈውበታል። ከዚያው አጠገብ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኢሚግሬሽን ማቆያ ተከፈተ፤ የተዘጋው በ2018 መጨረሻ ነው። የመጤ መቀበያና የመጤ ማሰሪያ ጎን ለጎን፤ የዚህን አገር ሁለት ልብ ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ሲስተር ብሪጂድ አርተርና የብሪጂዲን ማኅበር ባልንጀሮቻቸው በ2001 ለጥገኝነት ጠያቂዎች የሚቆም ድርጅት መሥርተው ወደ ማቆያው ይመላለሱ ነበር። ከየሰበካው ተነሥተው በራሳቸው የሚሄዱም ነበሩ፤ ጎረቤቴ የነበሩት የማልታ ተወላጅ አሮጊት ከእነዚህ አንዷ ናቸው። በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር በመርከብ የመጡ ሴት ናቸው። ረቡዕ ረቡዕ መጫወቻ ካርታ ይዘው ይሄዳሉ። አንድ ኢራናዊ ወጣት ነበር የሚጎበኙት። አንድ ቀን ምን እንዳደረጉለት ጠየቅኋቸው።

«ካርታ ተጫወትን፤ አሸነፈኝ» አሉኝ።

ይህ መልስ ለብዙ ጊዜ አስቸግሮኛል። ሕክምናን በውጭ አገር ስማር ያስተማሩኝ በሽታን መርምሮ መድኃኒት ማዘዝ ነው፤ ውጤቱ ያልታየ ጉብኝት ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ማቴዎስ በ25ኛው ምዕራፍ ያሰፈረውን የፍርድ ቀን ጥያቄ ግን ልብ ብዬ ሳነበው ነገሩ ሌላ ሆነብኝ። የታመመውን ስለ መፈወስ፣ የታሰረውን ስለ ማስፈታት የሚጠይቅ ቃል የለበትም። የሚጠየቀው ስለ መምጣት ነው። እኝህ ሴት ያን ወጣት ማስፈታት አይችሉም ነበር፤ መሸነፍ ግን ይችሉ ነበር።

ከዚህ አገር ወደ እኛ ስለተጓዙት አስባለሁ። የሲድኒዋ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1959 አዲስ አበባ ሲገቡ ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር፤ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊከፍቱ። እዚያም በተራዘመ ምጥ ሰውነታቸው ተጎድቶ ሽንታቸውን መቆጣጠር የተሳናቸው፣ ባልም ጎረቤትም የሸሻቸው ሴቶች ገጠሟቸው። በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ሬጂናልድ በ1993 አረፉ፤ ካትሪን እዚያው ቆይተው በመጋቢት 2020 በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። ሥራቸው ከክርስትናቸው የመነጨ መሆኑን ደብቀው አያውቁም። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ነገር ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ታካሚ ሆነው የመጡት፣ ፊደል ያልቆጠሩ የገጠር ልጅ፣ አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው፣ በቀዶ ሕክምናው ክፍል ሬጂናልድን እየረዱ፣ በመጨረሻ ራሳቸው ቀዶ የሚያደርጉና ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ ሆኑ። በ1989 የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጀንስ ከሐምሊኖች ጋር ሜዳሊያ ሸለማቸው። ርኅራኄ ታካሚዋን አድኖ፣ አዲስ ልብስ አልብሶ ይሸኛታል። የቀዶ ቢላዋውን በእጇ ያስያዛት ግን ወዳጅነት ነው፤ ያለ ወዳጅነት ማንም ሐኪም ያን አያደርግም፤ ሙያውን ስለማውቀው እናገራለሁ።

የሚካኤል ማኅበር ተራ ሲደርሰኝ ጎረቤቴን ጠራኋቸው። እማማ ነበር የምላቸው፤ ልጆቼም እንዲሁ። ካቶሊካዊት መሆናቸው ሲሰማ ጭቅጭቅ ተነሣ። የተቃወመው ወንድማችን ክፉ ሰው አይደለም፤ «ከእኛ የቀረ አንድ ነገር ይህ ነው፤ እሱንም እናቀላቅለው?» አለ። ሥጋቱ ቀላል አልነበረም። ቄሱ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ጽዋው ቁርባን አይደለም፤ ዝክሩም የመንገደኛ ነው። ጥሯቸው» አሉ። መጡ፤ ዳቦውን ቆርሰው፣ ጠላውን ቀምሰው ፊታቸውን አኮማተሩ። ወንድማችን ሁለት ወር ቀርቶ በሦስተኛው ተመለሰ። ወንበር የሳበላቸው እርሱ ነው።

አሁን በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ናቸው። የመርሳት ሕመም እንግሊዝኛቸውን ወስዶባቸዋል። በሙያዬ ደጋግሜ ያየሁት ነው፤ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይሄዳል፣ የእናት ቋንቋ ይቀራል። የቀረላቸው ማልትኛ ነው፤ ይህም በላቲን ፊደል የሚጻፍ የሴም ቋንቋ መሆኑን ያወቅሁት በእርሳቸው ምክንያት ነው። እጃቸውን ስይዝ «ኢድ» ይላሉ፤ ግእዙ «እድ» የሚለውን። እናትን «ኦም»፣ ግእዙ «እም»። ምላስን «ኢልሲየን»፣ እኛ «ልሳን»። ራስ ራስ ነው፤ ዓይንም ዓይን ነው። ሐኪም ሆኜ የምፈይድላቸው ነገር የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ አካላቸውን እየነካሁ ስሙን እጠራለሁ፤ እርሳቸውም በራሳቸው አጠራር ያርሙኛል። ልጆቻቸው ስንት እንደሆኑ በጣቴ ምልክት ስጠይቃቸው «ሐምሳ» ይሉኛል። በማልትኛ አምስት ማለት ነው። ሃምሳ ልጅ ወለዱ ብዬ እስቃለሁ፤ እርሳቸውም ለምን እንደሳቅሁ ሳያውቁ አብረውኝ ይስቃሉ።